የጋሽ ቀያሽ ግቢ የጸዳ ዕለት

ሰፈሩ ሁሉ «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ባሏ ልብስ ሰፊው ነው፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለውን ተረት በቀን ሦስቴ ሲተርትባት ከርሞ በመጨረሻ ግማሹ ላይዋ ላይ ቀረ። «እኔ የምፈራው ስትሞት ነው» ይላል መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣ «ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ‘እግራችሁን አንሡ፣ ልጥረግበት’ ማለቷ አይቀርም።»

እውነቱን ነው። ሴትዮዋ መቀመጥ አትችልም። ጎህ ሲቀድ የራሷን ግቢ ጠርጋ፣ ዶሮዎቹን አውጥታ፣ ጎመኑን ኮትኩታ ስታበቃ እጇን ይበላታል፤ አጥር ተሻግራ የሰው ግቢ ትገባለች። ያራስ ልብስ ታጥባለች። የታመመ ትጠይቃለች፤ ጠይቃ ብቻ አትመለስም፤ አልጋውን ካላነጠፍኩ ብላ በሽተኛውን ከነብርድ ልብሱ ታስነሣዋለች። ደግ ናት፣ ማን ይክዳል! ግን ደግነቷ ፋታ አይሰጥም።

ከሁሉ በላይ የምታስበው ለጎረቤቷ ለጋሽ ቀያሽ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ሚስታቸው ከሞቱ ደግሞ ስድስት ዓመት ሆነ። ብቻቸውን ይኖራሉ። ሻያቸውን ራሳቸው ያፈላሉ፤ በውጭ በሩ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ውኃቸውን ራሳቸው ይቀዳሉ።

ልጃቸው ከተማ ነርስ ናት። «አባዬ፣ እኔ ጋ ና» ማለት ከጀመረች ዓመት አለፋት፤ እሳቸው ደግሞ «ከቤቴ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው» ይላሉ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ያለ ሰው እርዳታ ሲንቀሳቀሱ በዓይኗ ካየች ይቀራሉ፤ ካላየች ሻንጣቸውን ጭና ትወስዳቸዋለች።

ቶሎ ቶሎ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልዋጥልሽ አላት። ጎረቤትማ ሞልቷል፤ እንደ እሳቸው «ዛሬ ዘገየሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት ግን የለም።

«ይህን ጫካ ግቢ ካየች በቃ፣ ትወስዳቸዋለች» አለች ለባሏ። «ዓርብ ፀጉራቸውን አስቆርጥልኝ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

«እኔን የሚያስፈራኝ የቀረው ነው» አለ ባሏ፤ ቢሆንም ወሰዳቸው።

ሁለቱ ሲወጡ እሷ ማጭዷንና መጥረቢያዋን ይዛ ገባች። ከደጃፉ እስከ ውጭ በር መተላለፊያውን ያጠበበውን ቁጥቋጦ ከሥሩ መነጠረችው። መሀል መንገድ ላይ የተጋረጠ ድንጋይ ነበር፤ አንከባልላ ጓሮ ጣለችው። አሮጌ የመኪና ጎማ፣ ዝገት የበላው በርሜል፣ ወዲያ! ከሎሚው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ የሰው ግንባር ይመታል፤ «እኚህን ምስኪን ስንቴ ብሏቸው ይሆን!» ብላ በመጥረቢያ አወረደችው። ሲመሻሽ ግቢው የተላጨ ራስ መሰለ። ባሏ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ እያጫወተ አስገባቸው፤ ደክሟቸው ነበርና ወዲያው ጋደም አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጋሽ ቀያሽ አዲስ በተቆረጠ ፀጉራቸው፣ ፊታቸው ፈክቶ ብቅ አሉ። ከደረጃው ወርደው ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ምንም የለም። አንድ እርምጃ ጨምረው ደግመው ዘረጉ፤ አሁንም የለም። እግራቸው አንድ ነገር እየፈለገ መሬቱን ዳበሰ። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ለራሳቸው። ዞሩ፣ እንደገና ዞሩ፤ በገዛ ግቢያቸው መሀል በሩ በየት እንደሆነ ጠፋባቸው። ከዚያም ግቢው ዳር ካለው ቦይ ገብተው በጉልበታቸው ወደቁ።

ልጅየዋ ሮጣ አነሣቻቸው። «ይኸው! በዚህ በጸዳ ግቢ እንኳ መሄድ አልቻልክም፣ አባዬ። እትዬ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ለፍተሽ... እግዜር ይስጥሽ። በቃ፣ ሻንጣውን እናዘጋጅ።»

ቶሎ ቶሎ አጥሩ ሥር ደርቃ ቀረች። ያኔ ገባት። ቁጥቋጦው የእጃቸው መሪ፣ ድንጋዩም መታጠፊያቸው ነበር፤ እሷ ቆሻሻ ያለችው ሁሉ የሰውየው ዓይን ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ምስጋናውንም ተቀብላለች።

«እኔ ነኝ!» አለች። «እስከ ትናንት ድረስ እንደ ልባቸው ነበር የሚሄዱት። እኔ፣ እጄ ይቆረጥ፣ ነቃቅዬ ጣልኩባቸው!»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሻሹ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «ዓይኔ የጠፋ ጊዜ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «አንቺ ግን መንገር እንኳ አልነገርሽኝም።»

ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ለቅሶውን ተይውና በርሜሉን አምጪ» አሏት። ልጃቸውንም እስከ ማታ እንድትታገሣቸው ለመኗት።

በርሜሉን እያንከባለለች አመጣች። «የት ነበር?» ሲሏት አፏን ከፈተች፤ አታውቀውም። ሃያ ዓመት የተመላለሰችበትን ግቢ አንድም ቀን ቆም ብላ አላየችውም። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ጀመር። «ከደረጃው ዐሥራ አራት እርምጃ። በእኔ እርምጃ እንጂ በአንቺ አይደለም፣ አንቺ ትሮጫለሽ። የድንጋዩ ሹል ጎን ወደ በሩ ይዙር።» ልብስ ሰፊው የተመነጠረውን ቁጥቋጦ ችካል ላይ እያሰረ አቆመው። «የምጥፈው ጨርቅ ብቻ መስሎኝ ነበር» ሲል ልጅየዋ እንኳ ሳቀች።

«የሎሚው ቅርንጫፍስ?» አሉ ሽማግሌው።

«እሱ... እሱ አይመለስም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን በእጃቸው ዳበሱ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ተነሡ። «ማንም እንዳይናገር» አለች ልጅየዋ። ቁጥቋጦውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ ጎማውን በእግራቸው ነካ አድርገው፣ በርሜሉን ኳ አድርገው ሄዱ። ሎሚው ጋ ሲደርሱ ግንባራቸውን ወደፊት ሰጡ። የሚመታቸው የለም። እዚያ ወደ ቀኝ ካልታጠፉ ፊት ለፊታቸው ቦዩ ነው። ቶሎ ቶሎ «ወደ ቀኝ!» እንዳትል ሻሿን ነከሰች። እግሯ ሳታዝዘው ተነሣ፤ ባሏ ቀሚሷን ጨምድዶ ያዛት። ሽማግሌው ቆመዋል። ኧረ ምን ያህል ቆሙ! ኋላ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ከትናንቱ ቁስል የሎሚ እንጨት ይሸታል። እጃቸውን ሰደዱ፤ የተቆረጠውን ጉጥ አገኙት፤ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ጥቂት ቆይቶ ባልዲው ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ ተሰማ።

ልጅየዋ ዓይኗን ጠርጋ ባዶውን ሻንጣ መኪናው ላይ ጫነች። «ከወር በኋላ መጥቼ አይሃለሁ» ብላ አባቷን ስማ ሄደች።

ቶሎ ቶሎ ከመቅጽበት መጥረጊያ አነሣች።

«አስቀምጪ» አሉ ጋሽ ቀያሽ። «ነገ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ እንጂ! ምን ላምጣ ጋሼ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ምንም። ሃያ ዓመት ስትመጪ አንድ ቀን አብረሽኝ ተቀምጠሽ አታውቂም። መጥረጊያሽን በድምፁ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ አንቺን ግን አላውቅሽም።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከጎናቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ግን አላወቀችም።