ለጥቅምት ብርድ፣ ከአሰብ ሙቀት

በ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወሰኔ ከሀምዳን ሱቅ አንድ የሱፍ ካፖርት ገዝታ በብብቷ ሸጉጣ ስትወጣ፣ በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ሳቁባት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ይይዛል።

«ወሰኔ፣ ቀይ ባሕር ላይ በረዶ ሊጥል ነው እንዴ?» አለቻት ጎረቤቷ ከውሰር።

ወሰኔ ካፖርቱን አጥብቃ ይዛ መንገዷን ቀጠለች። ለእሷ የሚያስቅ ጉዳይ አልነበረም።

ሀምዳን ከወሎ ወርዶ አሰብ የከተመ ነጋዴ ነው፤ ሰልባጅ ይሸጣል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ የቦንዳውን ሽቦ ሲበጥስ ሴቱ ሁሉ ይሻማል። ስስ ቀሚስ፣ ሸሚዝ፣ የሕፃን ልብስ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። የሱፍ ልብስ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሀምዳን በእግሩ ወደ ጥግ እየገፋ፣ «ይህን የሚልክልን ሰው አሰብ የት እንዳለች አያውቅም» እያለ ይራገማል። ከዚያ ጥግ ነው ወሰኔ የምትመርጠው። ሀምዳንም ቦታ ስለምታስለቅቅለት በሻይ ዋጋ ይሰጣታል።

ወሰኔ በነዳጅ ማጣሪያው የእንግዳ ማረፊያ ልብስ አጣቢና ተኳሽ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመሐንዲሶችን ሸሚዝ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራለች፤ እውነተኛ ሱፍና ናይለን የተቀላቀለበትን ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትለያለች። ባሏ ጫኔ ወደቡ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። ታሞ ከሞተ አምስተኛ ዓመቱ ነው። የቀረቻት አንዲት ልጅ ሶስና ናት፤ ሁሉም ሶሲ ይላታል። ሶሲ በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ነው። ካለፈች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ተማሪ ደግሞ የሚገባው በጥቅምት ነው።

የአዲስ አበባን ጥቅምት ወሰኔ ታውቀዋለች። አዲስ ሙሽራ ሳለች ጫኔ ከቤተሰቦቹ ጋር ሊያስተዋውቃት ወስዷት ነበር። የለበሰችው የአሰብ ልብስ ነው፤ ስስ፣ እጅጌው አጭር። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገብቶ ጥርሷ ሲንገጫገጭ፣ የጫኔ ታላቅ እህት እታፈራሁ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት ሠራተኛዋን ጠርታ፣ «ያንን የወጥ ቤት ሹራብሽን አምጪላት፤ የበረሃ ሰው ልብስ አያውቅም» አለች። ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ወሰኔ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለውን ሹራብ ለብሳ ምሳዋን በላች። ያ ሹራብ ከላይዋ ወለቀ እንጂ ከልቧ አልወለቀም።

ስለዚህ ፈተናው ሳይደርስ ጀመረች። በየሳምንቱ ዓርብ ትሄዳለች፤ ብዙ ጊዜ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ርካሽ ነው ብላ አታነሳም። በልቧ ያስቀመጠችው ሕግ ነበር፦ ልብሶቹ ጥቂት ይሁኑ፣ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሂድ። የግመል ቀለም ያለው ካፖርት በሚያዝያ ተገኘ። በግንቦት ጥቁር ሰማያዊ የወንድ ኮት አገኘች፤ ብል ክርኑን በልቶት ነበር። ከዚያ ግራጫ ሽንሽን ጉርድ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ሁለት ነጭ ሸሚዝ፣ በመጨረሻም ደረቱ ላይ ምንም ጌጥ የሌለው የጠቆረ ቀይ ሹራብ። ሹራቡን ለማግኘት ብቻ ሰባት ዓርብ ተመላልሳለች።

ከሥራ መልስ መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቅላ ትቀመጣለች። ላቧ ሱፉ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሯን በጨርቅ ታስራለች። ካፖርቱን ገበሩን አውጥታ አጠበችው፤ ጥላ ውስጥ ዘርግታ አደረቀችው፤ በከውሰር የስፌት መኪና አዲስ ገበር አስገባችለት። የወንዱን ኮት ትከሻ ፈትታ አጠበበችው። ብል የበላውን ክርን ከራሱ ከኮቱ የውስጥ እጥፋት ክር እየመዘዘች ስለጠቀመችው፣ ብርሃን ላይ ካልያዙት በቀር አይታይም። ፊቷ በሱፍ ብናኝና በላብ ሽፍ አለ። መጀመሪያ የሳቀችው ከውሰር በሐምሌ መጥታ የኮቱን ክርን ስትዳስስ ቆየችና «ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ እጅሽ ይባረክ» አለች።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ። ሶሲ አለፈች። በዚያ ሙቀት ካፖርቱንና ጉርዱን ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች፤ ላቧ በጆሮዋ ሥር እየወረደ ዞር ዞር አለች።

«እማዬ፣ መጽሔት ላይ ያሉትን ሴቶች መሰልኩ እኮ!»

ወሰኔ ለአምስት ወር ድካሟ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ እታፈራሁ በአውሮፕላን መጣች። ልጅቷን ልትወስድ፣ በዚያውም ከአሰብ ዕቃ ልትገዛ። ሶሲ እሷ ቤት ሆና እንድትማር ጫኔ በሕይወት ሳለ የተነጋገሩት ነገር ነበር። እታፈራሁ ገና ሻይዋን ሳትጨርስ ሻንጣውን አየች፤ ከፈተች፤ ካፖርቱን በሁለት ጣቷ አንስታ አሸተተች።

«ሰልባጅ ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ። ግን ታጥቦ፣ ተሰፍቶ…»

«የሬሳ ልብስ! ፈረንጅ ሲሞት ነው እኮ ይህን የሚልኩት። ምን ዓይነት በሽታ እንዳለበት ማን ያውቃል? ቤቴ አይገባም።»

ወሰኔ ምላሷን ነከሰች። እንግዳ ናት፤ የባሏ ታላቅ ናት፤ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንቱ ስትላት ኖራለች። «ሲደርሱ ያዩታል፣ ልጅቷ ላይ ሲሆን ያምራል» አለችና በነጋታው ጧት ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሻንጣው አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ባዶ ነው።

«ልብሶቹስ?»

እታፈራሁ ከቬንትሌተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። «ለነዳያን ሰጠሁልሽ። ባለጋሪ ጠርቼ ቤተ ክርስቲያን በር አስላክሁት። ለነፍስሽም ይሆንሻል። ልጅቷን እኔ እንደ ሰው አለብሳታለሁ።»

ወሰኔ ወደ እታፈራሁ ተጠጋች።

«በዚህ ሙቀት? ለነዳይ የሱፍ ካፖርት? ለጽድቅ ነው ወይስ ለማላገጥ?»

«ምን ሆነሻል? ጨርቅ ነው…»

«አንቺ!» አለች ወሰኔ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። «አንቺ ማን ነሽና ነው የእኔን ሻንጣ የምትከፍቺ? አምስት ወር! አምስት ወር በዚህ እሳት ውስጥ በላቤ የሰፋሁትን ሬሳ አልሽው! ያኔ የወጥ ቤት ሹራብ አልብሰሽ አሳቅሽብኝ፤ ዝም አልኩ። ዝም ስላልኩ ሞኝ መሰልኩሽ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ከእኔ ደጃፍ ግን መቁረጡ ዛሬ አበቃ!»

እታፈራሁ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስለ ሹራቡ ሲነሳ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ረስታዋለች። ወሰኔን ይበልጥ ያቃጠላት ይህ ነው። ሃያ ዓመት የተሸከመችውን ነገር ያሸከመቻት ሴት አታስታውሰውም።

ሶሲ በሩ ሥር ቆማ ታለቅሳለች።

«አንቺስ? ባለጋሪው ሲጭን የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«እና?»

«አክስቴ፣ ተማሪዎቹ ሰልባጅ መሆኑን ካወቁ መሳቂያ ያደርጉሻል አለችኝ። እኔም… ዝም አልኩ።»

ወሰኔ እጇን ልታነሳ ነበር። አላነሳችም። «ሬሳ ያለችውስ ጨርቁን ነው» አለች። «አንቺ ግን እኔን ነው የጣልሽው።» ጫማዋን በወጉ ሳታስር ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነዳያኑ የግንቡን ጥላ ተከትለው ተደርድረዋል። አንዲት ሴት ግራጫውን ጉርድ አጣጥፋ ተንተርሳዋለች። ሸሚዞቹን ሁለት ሽማግሌዎች አናታቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ካፖርቱን ደግሞ ጋሽ ክፍሌ ድንጋይ ላይ አንጥፈው ተቀምጠውበታል። ጋሽ ክፍሌ ዓይናቸው ሳይጠፋ በፊት የወደብ ጫኝ ነበሩ።

ወሰኔ ቆመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሮጣ የመጣችው ነጥቃ ልትመለስ ነበር። አሁን ግን ምን ትበል? የሰጡትን መልሱልኝ ተብሎ ነዳይ ይጠየቃል? እታፈራሁ ልብሷን ብቻ አይደለም የወሰደችባት፤ ከነዳይ የምትነጥቅ ሴት አድርጋ በር ላይ አቆመቻት። ንዴቷ እንባ ሆኖ መጣ።

«ማን ነው የሚያለቅሰው?» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«እኔ ነኝ ጋሽ ክፍሌ። የጫኔ ሚስት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አሳጥራ፣ እየተናደደች። ጋሽ ክፍሌ ከሥራቸው ያለውን ሱፍ ዳሰሱ።

«ይህ የአንቺ ሥራ ነው? እኔም ለመቀመጫ አይደለም የተሠራው ብዬ ነበር። ልጄ፣ ሱፍ ለእኛ ምናችን ነው? ላብ ነው። ግን ሰው ሰጠን፤ ባዶ እጅ መልሱ ብል እነዚህ ይቀየሙኛል።»

«ባዶ እጅ አልልም» አለች ወሰኔ።

ቤት ተመለሰች። ማንንም ሳታይ ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥኗን ጎተተች። የጫኔ የጥጥ ሸሚዞችና ሱሪዎች ውስጡ ነበሩ፤ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን አውጥታ አጥባ፣ ተኩሳ፣ መልሳ የምታስቀምጣቸው። ሶሲ ልታግዛት ስትጠጋ፣ «አትንኪ» አለቻት። ሁለት ነጠላም ጨመረችበትና ተሸክማ ወጣች።

ለሴትየዋ ነጠላ፣ ለሽማግሌዎቹ ስስ ሸሚዝ። ማንም አላንገራገረም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። ጋሽ ክፍሌ የደረሳቸውን ሸሚዝ ኮሌታ በጣታቸው ዳሰሱ።

«የጫኔ ናት» አሉ። «ክሬኑ ላይ ሲወጣ እንኳ ኮሌታው አይታጠፍም ነበር። እናንተ ሰዎች፣ ይህን የምትለብሱ በወጉ ልበሱት።»

ወሰኔ ፊቷን አዞረች። ካፖርቱ፣ ኮቱ፣ ጉርዱ፣ ሱሪው፣ ሸሚዞቹ ተመለሱ። ቀይ ሹራቡን ግን ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ከነዳያኑ ገዝቶት ሄዷል። ሰባት ዓርብ የተመላለሰችበት ሹራብ። መንገዱን ሁሉ እታፈራሁን እየረገመች ተመለሰች።

ልብሶቹን እንደገና አጠበች፤ እንደገና ተኮሰች። ካውያውን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ ትጫነው ነበር። ስትጨርስ እታፈራሁ ፊት ቆመች።

«እርስዎ እንግዳዬ ነዎት። አውሮፕላኑ እስኪነሳ እዚሁ ይበላሉ፣ እዚሁ ይተኛሉ። ልጄ ግን እርስዎ ቤት አትገባም። ከተማሪዎቹ ጋር ዶርም ትገባለች።»

አንቱታው ተመልሶ ነበር፤ አክብሮቱ ግን አልነበረበትም። እታፈራሁም አወቀችው።

«የወንድሜ ልጅ ናት!»

«የእኔም ልጅ ናት።»

ወደ ሶሲ ዞራ ሻንጣውን ገፋችላት። «ይኸው። ካፈርሽበት አንቺው በገዛ እጅሽ ጣዪው። ሌላ ሰው ሲጥልልሽ ግን ቆመሽ አትዪ።»

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘቻቸው። እታፈራሁ ሳትሰናበት ቀድማ ገባች። ሶሲ እናቷን አቅፋ ይቅርታ አለች፤ ወሰኔ ጉንጯን ሳመቻት፤ ምርቃቷንም አልነፈገቻትም። ፈገግ ማለት ግን አልቻለችም፤ ልጅቷም እንደዚያው ሄደች። ወሰኔ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ያን ቀን የሦስት መሐንዲሶች ሸሚዝ አቃጠለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም አቃጥላ አታውቅም።

ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤ መጣ። ሶሲ እንዲህ ትላለች፦ «እማዬ፣ ብርዱ አንቺ እንዳልሽው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ካፖርቱን ከየት ነው ሲሉኝ ከኢጣሊያ ነው አልኩ። ዋሽቼ እንቅልፍ አጣሁ። ኋላ እናቴ ከአሰብ ሰልባጅ መርጣ የሰፋችው ነው አልኳቸው። ሁለቱ ሳቁ። አንደኛዋ የኮቱን ክርን እያገላበጠች ብሉ የበላው የት ጋ እንደነበር ስትፈልግ አመሸች፤ አላገኘችውም። ያለ ሹራብ ግን ይበርደኛል።»

ወሰኔ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ዋሽቼ» የሚለው ላይ ተናደደች፤ «አላገኘችውም» የሚለው ላይ ሳታስበው ሳቀች። ለልጅቷ የነበራት ቂም ያን ዕለት ለቀቃት።

ለፋሲካ እታፈራሁ ሁለት ሽማግሌ ላከች። አንደኛው ውብሸት የሚባል የጫኔ የሥራ ባልደረባ ነበር። «በቃ ይቅር በያት፤ እሷ መልካም ያደረገች መስሏት ነው» አላት።

«እሱን አውቃለሁ» አለች ወሰኔ። «መልካም ያደረገች መስሏት ሰው ፊት ሹራብ አለበሰችኝ፤ መልካም ያደረገች መስሏት የልጄን ልብስ በጋሪ ጫነች። አጥፍቻለሁ ብላ በአፏ ትምጣ፤ ያኔ እግሯን አጥቤ አስገባታለሁ። እስከዚያ ግን ተናድጃለሁ፤ ተናድጃለሁ ብላችሁ ንገሩልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ምሳቸውን በልተው ተነሡ። እንደተባሉትም ነገሩላት። እታፈራሁ አልመጣችም።