የማይሰማ ድምፅ

በደርግ ጊዜ ቆቦ ላይ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን የሰው ጆሮ የማይሰማው በጣም ወፍራም ድምፅ አለ ብዬ ባስተምር ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ካልተሰማ ምኑን ድምፅ ሆነ? የማሳይበት መሣሪያ አልነበረኝም፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ጠመኔ ብቻ ነው።

ነገሩን ለጓደኛዬ ለእጅ ሥራ መምህሩ አጫወትኩት። የዋጃ ሰው ነው፤ ብረትም እንጨትም የሚታዘዝለት። «ንድፉን ሥራልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» አለኝ። መንገድ ሠራተኞች የጣሏቸውን ሁለት በርሜሎች አመጣና ክዳናቸውን ቆርጦ ጫፍ ለጫፍ በየዳቸው። በአንደኛው አፍ ላይ የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ እንደ ከበሮ ወጠረበት። ከዚያ የገዛ ብስክሌቱን ገልብጦ አቆመና የኋላውን ጎማ በቀጭን ብረት ከላስቲኩ ጋር አገናኘው። ፔዳሉ በእጅ ሲዞር ብረቱ ላስቲኩን ይገፋል፣ መልሶ ይስባል። ሥራው እስኪያልቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእግሩ ተመላለሰ።

ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቹ ባሳየንበት ዕለት በበርሜሉ ክፍት አፍ ፊት ሻማ አበራሁ። እሱ ፔዳሉን ሲያፈጥነው ከሰንሰለቱ ኮሽታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ነበልባሉ ግን ተርገፈገፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አንዲት ተማሪ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ይሰማኛል!» አለች። በመምህርነቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ጦርነቱ ቀርቦ ስለነበር ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ነበር የሚተያየው። በሦስተኛው ቀን ሁለታችንም መሣሪያው አጠገብ ሳለን አንድ ካድሬ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«በጆሮ የማይሰማ ድምፅ» አልኩ።

«እኛ ካልሰማነው ማን ነው የሚሰማው?»

ካድሬው ብስክሌቱን በእግሩ መታ አድርጎ «የማን ነው?» አለ።

«የእሱ ነው» አልኩ፣ ወደ እጅ ሥራ መምህሩ እየጠቆምኩ።

ብስክሌቱ የእሱ መሆኑ እውነት ነው። ካድሬው የጠየቀው ስለ ብስክሌቱ ብቻ እንዳልሆነ ግን አውቄአለሁ። ንድፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ። ይዘውት ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ ንድፉን አቃጠልኩት። ሰባት ወር ሲታሰር አንድ ቀን እንኳ ስንቅ ይዤለት አልሄድኩም። በርሜሎቹን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለሁለት ሰንጥቆ የከብት ውሃ ማጠጫ አደረጋቸው። ሲፈታም ወደ ሥራው አልመለሱትም።

ከዓመት በኋላ አላማጣ ስሄድ አውቶቡስ ላይ አገኘሁት። ባዶ ወንበር ያለው እሱ ጎን ብቻ ነበር።

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ። ማሽላ አርሳለሁ።»

ያን ሁሉ ጊዜ እየደበደቡት ስሜን ደብቆልኛል ብዬ ነበር የማስበው። ዋጃ ስንቃረብ እንደምንም ብዬ «ስሜን ስላልጠራህ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

«አልጠየቁኝም» አለ። «ቢጠይቁኝማ እነግራቸው ነበር። ምን ብዬ ነው የምደብቅህ?»

ዋጃ ላይ ጆንያውን ተሸክሞ ወረደ፤ ዞር ብሎም አላየኝ። እኔው ያሳሰርኩትን ሰው «ለምን አይደብቀኝም ነበር?» እያልኩ እስከ አላማጣ ድረስ ስናደድበት ሄድኩ።