ጁምዓና ማርያም የገጠሙ ዕለት

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ጽፌያለሁ ከተባለ የቀዛፊዎችን ተራ ነው፤ እሱንም አበላሽቼዋለሁ።

ጣሊያን ባሕር ዳር ሳለ ሐይቁን የሚያሻግረው ሞተር ጀልባ ተበላሽቶ፣ ዕቃው ከአስመራ እስኪመጣ ቆመ። መንገደኛው ሁሉ ወደ ታንኳ ዞረ። አባቴ ታንኳዎች ነበሯቸው፤ ጎረቤታችን ሽማግሌ እስላምም እንዲሁ። ሰው ስላልበቃቸው ቀዛፊ ተበዳደሩ፦ ዓርብ የኛዎቹ የእሳቸውንም ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ በእሑድና በበዓል የእሳቸው ሰዎች የኛን። ተራውን የምጽፈው እኔ ሆንሁ። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁና የወደቡ ሊቅ እኔ ነበርሁ።

ሐሙስ ዕለት፣ ደቅ ደሴት ያለችው እኅቴ የመጀመሪያ ምጧ እንደቀረበ ተሰማ። እናቴ በማግስቱ በማለዳ ልትሄድ ቆረጠች፤ ከረፈደ ነፋሱ አያሳልፍም።

«ለነገ ቀዛፊ ተመድቧል?» አሉኝ አባቴ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ከኛ ሰዎች ሁለት ጽፌ ነበርና አልዋሸሁም። ወዲያው ግን ነገ ሃያ አንድ፣ ማርያም መሆኗ ትዝ አለኝ። የኛዎቹ በበዓል አይሠሩም፤ እስላሞቹ ጁምዓ ናቸው። ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄድሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ውኃ ይጠጡ እንደሆነ ጠይቄ ተመለስሁ።

በማለዳ እናቴ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዛ ታንኳው ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሰው የለም።

«ቀዛፊዎቹ የታሉ?»

«ማርያም ናት» አልሁ። «ጁምዓም ነው።»

«መቼ ዐወቅሽ?»

«ትናንት።»

«አፍ የተፈጠረልሽ ለእህል ብቻ ነው?»

ወደ ሽማግሌው ቤት ሮጥሁ። ከደጅ ሆኜ በቀጭን ድምፅ ተጣራሁ።

«ትንኝ ናት ወይስ ሰው?» አሉ ከውስጥ።

ያን ጊዜ ጮኽሁ። «አባባ! እኅቴ ልትወልድ ነው፤ እናቴን የሚያሻግር ጠፋ!» የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተቀበለኝ።

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ይዘው ወጡ። «መንገደኛ ጁምዓ ቢያልፈው አይወቀስም።»

ጩኸቴን የሰሙት አባቴም ጋቢያቸውን እያጣፉ መጡ። «ምጥ ላይ የምትጠራው ማርያም አይደለች? አትቀየመኝም።»

ስንት ዓመት መቅዘፊያ ያልጨበጡ ሁለት ባለታንኳዎች፣ የሚበዳደሩት ሰው ቢያልቅ ራሳቸውን ተበዳደሩ።

እስከ ሰኞ ከዳር አልጠፋሁም። ታንኳው ሲታይ ሽማግሌው ከሩቅ መቅዘፊያቸውን አነሡ።

«ወንድ ነው! እናቱም ደኅና ናት። በይ እልል በይ፤ እንደዚያ ዕለት አድርገሽ!»