ጀሪካኔ ተራ የያዘበት ስብሰባ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። መናገርም አይሆንልኝም። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ፣ ከቤቴ አልፌ ወርጄ በእግሬ የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ልጽፍ የተነሳሁት አንድ ሰው ማመስገን ስለፈለግኩ ነው። ሰውየው ሹም ነበር። እኛ ሰፈር ሹም የሚያመሰግን ሰው ሲገኝ "ምን ፈልጎ ነው?" ይባላል። እኔ ከእሱ የምፈልገው ነገር የለም፤ እሱም አሁን እኛ ዘንድ የለም።

የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ላይ፣ ኮረብታው ጥግ። እናቴ ልብስ አጣቢ ናት። ሰዎች የቆሸሸ ልብሳቸውን በፌስታልና በአንሶላ ጠቅልለው ቤታችን ያመጡላታል፤ እሷ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ትሰጣቸዋለች። እኔ ደግሞ መንገዱ ዳር ባለ የእንጨት ሥራ ቤት ወንበርና አልጋ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ሥራው ዝም ብሎ የሚሠራ ስለሆነ እወደዋለሁ።

ውሃ የምንቀዳው ከሰፈሩ ቦኖ ነው። ውሃው የሚመጣበት ቀን ይታወቃል፤ ሰዓቱ ግን አይታወቅም። ሥራውን ጥሎ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ስለሌለ በእኛ ፋንታ ጀሪካኖቻችን ይቆማሉ። ጠዋት ጀሪካንሽን ሰልፉ ላይ ታስቀምጪና ትሄጃለሽ። ትርፍ ጀሪካን የሌለው ድንጋይ ያስቀምጣል፤ አሮጌ ጫማ ያስቀመጠም አይቻለሁ። የሰው ጀሪካን አልፎ የራስን ማስቀደም በእኛ ዘንድ ከስድብ ይብሳል። ተራው ደርሶ ባለቤቱ ከሌለ ሰው ሁሉ "የማን ነው?" እያለ ይጠራል፤ ካልተገኘ ከኋላ ያለው ይቀዳለታል። በዚያ ሰልፍ ላይ ከጥንት ጀምሮ እዚህ ሲያርሱ የኖሩት የኦሮሞ ቤተሰቦች አሉ፤ ከሰሜን መጥተው የሚነግዱ አሉ፤ እንደ እኛ ቤት ኪራይ ረከስ ሲል የመጣንም አለን። በየቦታው ሰው በሰው ላይ በተነሳበት በዚያ ክፉ ሰሞን እንኳ የአንድ ሰው ጀሪካን ከቦታው አልተነካም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ሳምንት ውሃው ቀረ። መብራት ስለጠፋ ነው ብለን ጠበቅን። በሚቀጥለውም ሳምንት ቀረ። ቆይቶ ቦኖው ሥር ሣር በቀለ። ሴቶቹ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመሩ። ወንዙ ግን ከላይ የየጋራዡን ዘይትና የየቤቱን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚመጣው። በእሱ የታጠበ ነጭ ልብስ ነጭ ሆኖ አይመለስም፤ ሽታም አለው። የእናቴ ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። አንዷ ልብሷን አሽትታ ይዛው ሄደች። እናቴ የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ከዚያ ወደ አገሯ እንደምትመለስ ነገረችኝ። ፋሲካን አብረን ውለን ትሄዳለች። ውሃ በሌለበት ከተማ ልብስ አጣቢ ምን ትሠራለች፣ እዚያ ቢያንስ ምንጭ አለ አለችኝ። ምንጩ እውነት ነው። መንገዱ ግን በዚያን ጊዜ ሰላም አልነበረም። እዚያ አገር ቤት ያለው አጎቴ ስልክ በሠራ ቁጥር እየደወለ "እንዳትንቀሳቀሱ" ይለን ነበር። የተሳፈረ ሰው ደርሻለሁ ብሎ እስኪደውል ዘመዱ እንጀራ አይወርድለትም። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገች። እኔ እሷን ማስቀረት የምችልበት ነገር አልነበረኝም። ከእናቴ ሌላ በዚህ ከተማ ሰው የለኝም።

ስብሰባ ለምደናል። ከዚህ በፊት በተደጋጋሚ ተጠርተን ነበር። ኃላፊዎች መጥተው ስለ አገርና ስለ ልማት ይናገራሉ፣ ውሃው "በቅርቡ" እንደሚስተካከል ይነግሩናል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ለምን እንደምናጨበጭብ አናውቅም፤ ሌላው ሲያጨበጭብ እጅ ብቻውን ይነሳል። ጎረቤታችን በርበሬ ነጋዴዋ፣ ያገኘችውን ሁሉ የምትተርብ ሴት ናት፣ "የኔ እጅ በሙቀጫ አይደለም የደደረው፣ በጭብጨባ ነው" ትላለች።

ፋሲካ ሲቃረብ ለአካባቢያችን አዲስ ኃላፊ ተመደበ። ወጣት ነው፤ መነጽር ያደርጋል። እሱም እንደ ሌሎቹ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው እቦኖው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሸራ ተወጥሮ ነበር። እኔ ከሥራ እስክወጣ ተጀምሯል። ከሥራ በቀጥታ ወደ ወንዙ ልወርድ ስለነበር ቢጫዋን ጀሪካኔን ይዣለሁ። ስደርስ ጀሪካኖች ሰልፍ ይዘው አየሁ። ውሃ መጣ ብዬ ሮጬ ከመጨረሻው ጀሪካን ኋላ አስቀመጥኩና እናቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

የሆነው ሌላ ነበር። ኃላፊው አስተያየት ያለው ሰው ተራ ይያዝ ብሎ ነበር። ፀሐዩ ከረረ፤ ሸራው ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ሰፈሩ ሁሉ "አደ" እያለ የሚያከብራቸው አዛውንት ሴት ነበሩ፤ ውሃ በሌለበትም ጀሪካናቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። እሳቸው ወደ ጠረጴዛው ፊት ሄደው ጀሪካናቸውን አኖሩና ተመልሰው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሌሎቹም እንደ እሳቸው አደረጉ። ሰልፉ የመናገሪያ ሰልፍ ነበር። አንድ ሰው ይነሳል፣ ይናገራል፣ ጀሪካኑን አንስቶ ይመለሳል። ይህ የገባኝ ሰልፉ አጥሮ ከፊቴ ጥቂት ሲቀር ነው። ተነስቼ ላነሳ ስል እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ተራ የያዘ ጀሪካን ያለ ተራው አይነሳም።

ከፊቴ የነበሩት ብዙ ተናገሩ። አንዱ ስለ ኑሮ ውድነት፣ አንዱ በየቢሮው ስለሚያመላልሱት ነገር፣ አንዲት እናት ከጠፋ ስለቆየው ልጇ። በርበሬ ነጋዴዋ ሁሉንም ደባልቃ ተናገረች። ኃላፊው በትህትና ይሰማል፤ መልሱ ግን የድሮው ነበር። በሂደት ላይ ነው፣ ከሚመለከታቸው ጋር እየተነጋገርን ነው። በየመሐሉ እናጨበጭባለን።

ከዚያ ቢጫዋ ጀሪካን ብቻዋን ቀረች።

"ይቺስ የማን ናት?" አለ ኃላፊው።

በርበሬ ነጋዴዋ ተቀበለችው። "ባለቤቷ አለች። ምላሷን ግን ቤት ረስታ ነው የመጣችው።"

ሰው ሳቀ። ተነስቼ ጀሪካኔን እያነሳሁ፣ ለውሃ መስሎኝ ነው ያስቀመጥኩት አልኩ። ያን ጊዜ ሳቁ ባሰ፤ ኃላፊውም ሳቀ። ግን አላሰናበተኝም። ለውሃ ከሆነ ስለ ውሃ ተናገሪ አለኝ። ወደ እናቴ ዞርኩ፤ መሬት መሬት ታያለች። አደ ከፊት ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ "ዱበዹ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ተናገሪ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ብዙ የምለው ነበረኝ። ስለ እናቴ ሻንጣ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዙ ሽታ። አንዱም አልወጣ አለኝ። የወጣው ይህ ብቻ ነው፤

"ውሃው ለምን እንደቀረ እርስዎ ያውቃሉ?"

ወዲያው አፉን ከፈተ። የለመድነው መልስ ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ አፉን ዘጋ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"አላውቅም" አለ።

ከኋላ አንድ ሰው በልማድ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር፤ አፍሮ እጁን ሰበሰበ።

"የነገሩኝን ልነግራችሁ እችላለሁ" አለ ኃላፊው። "እኔ ግን ሄጄ አላየሁም።" ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና የቧንቧውን መስመር የሚያውቅ ካለ ይምራኝ አለ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሳ። አደ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ፤ ቧንቧው ሲዘረጋ በቤተሰባቸው እርሻ ላይ ነበር ያለፈው። ስብሰባው ሁሉ ዳገቱን ተያያዘው። የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው እግር ይይዛል፤ ኃላፊው ደግሞ የቆዳ ጫማ ነው ያደረገው። አንዴ ሊወድቅ ሲል በርበሬ ነጋዴዋ ከኋላው፣ "ኦቦ ኃላፊ፣ ጭቃው እንደኛ አያጨበጭብም፤ ረጋ ብለው ይርገጡት" አለችው። እየሳቀ ረጋ ብሎ ረገጠው።

ከላይ፣ አዲሱ መንገድ የሚወጣበት ቦታ፣ በማሽን የተቆፈረ ቦይ አለ። ቧንቧው እዚያ ተቆርጧል። አንዱ ጫፉ አፈር ውስጥ ተቀብሯል፤ ሌላው በጨርቅና በፌስታል ተወትፎ ተንጠልጥሏል። ከኃላፊው ጋር ከመጡት አንዱ፣ ነዋሪው ይሆናል የቆረጠው አለ። እኛ ተያየን። ክርክር ሊነሳ ነበር። ኃላፊው ግን ቦዩን ማን ነው ያስቆፈረው ብሎ ጠየቀ። አብረውት የመጡት ቦዩን ማየት ጀመሩ። ደግሞ ሲጠይቅ አንዱ በቀስታ፣ እኛው ነን አለው።

ኃላፊው ወደ እኛ ዞረ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል።

"የቆረጥነው እኛ ነን" አለ። "ቆርጠን ረስተነዋል። ይቅርታ አድርጉልን።"

እኔ ወንበር ካለው ሰው አፍ ይቅርታ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ግን እንደ እኔ አልራራችም። "ይቅርታ ልብስ አያጥብም፤ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?" አለችው። ቆጣ ብላ ነበር፤ እናቴ በሰው ላይ ስትቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በቅርቡ አላላትም። ዕቃው መኖሩን ነገ አይቶ፣ ቢኖርም ባይኖርም እዚሁ ቦኖው ጋ መጥቶ እንደሚነግረን ነገራት። በማግስቱ መጣ። ዕቃው የለም አለን። ሰው ተናደደ፤ የሰደቡትም ነበሩ። ቆሞ ሰማቸው። ደግሞ ሌላ ቀን መጣ፤ ዕቃው ተገኝቷል፣ የሚገጥመው ሠራተኛ ግን ሌላ ቦታ ነው አለ። እናቴ ልብስ መሸከፉን ባትተውም ከዚያ በኋላ እሱ የሚመጣበትን ቀን ትጠብቅ ጀመር። እኔ እሱን የማመሰግነው ለዚህ ነው። የሌለውን አለ አላለንም።

ከሆሣዕና በኋላ ውሃው መጣ። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ፣ ቀጥሎ ንጹሕ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰሙነ ሕማማት ነው፣ ምን እልል ያሰኛችኋል ብሎ አንድ ሽማግሌ ተቆጣ፤ በርበሬ ነጋዴዋ፣ "አባባ፣ እንግዲህ ለእግዜር እኛ መልስ እንሰጣለን" አለችው። እናቴ የፋሲካ ነጭ ልብስ የሰፈሩን ሁሉ አጠበች። የአደ ነጠላ፣ የበርበሬ ነጋዴዋን ቀሚስ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች መጋረጃ። ግቢያችን ውስጥ የሚታለፍበት ጠፍቶ ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ እየገለጥኩ ነው ወደ ቤት የምገባው። ፋሲካ ዋለ። ማግስቱም ዋለ። እናቴ ስለ መሄድ አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ሻንጣው ውስጥ አሁን ሳሙና ታስቀምጥበታለች።

ውሃው ዛሬም በሳምንት አንዴ ነው፤ የሚቀርበትም ሳምንት አለ። ልጇ የጠፋባት እናት ልጇን አላገኘችም። ወደ አጎቴ አገር የሚወስደው መንገድ አንዳንዴ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። አንድ ቧንቧ አገር እንደማያድን አውቃለሁ። እኔ ግን ድሮ ስለ አገር ሲወራ ከእኔ በጣም የራቀ፣ ትልልቅ ሰዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ማታ ዜና ሲሰማ አብሬ እሰማለሁ። በሬዲዮ የሚናገረው ሰው ሄዶ አይቶ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ሄደው የሚያዩ እንዲበዙ በጸሎቴ እጨምራለሁ። ያን ቀን ያልሳቁብኝን ብቻ ሳይሆን የሳቁብኝንም አመሰግናለሁ፤ ሳቁ ባይኖር ኃላፊው "የማን ናት" ብሎ ያልፈኝ ነበር ይሆናል።

ኃላፊው ብዙ አልቆየም። ወደ ሱሉልታ ተዛወረ ሲባል ሰማን። የመሸኛ ስብሰባ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት የአስኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ አየሁት። መኪና የለውም፤ እንደ ማንኛችንም ተሰልፏል። አላናግረውም ብዬ ወደ መሬት አቀረቀርኩ። እሱ ግን ለየኝ፤ ባለ ቢጫዋ ጀሪካን አይደለሽም ወይ አለኝ።

አዎ አልኩት። ከዚያ እናቴ አለመሄዷን ነገርኩት። ልትሄድ እንደነበር እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መንገር ነበረብኝ። ሻንጣውን፣ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ያን ቀን ያልወጣልኝን ሁሉ እዚያ ሰልፍ ላይ ነገርኩት። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ይሰማሉ፤ አላፈርኩም። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ አለ። አመሰግናለሁ ስለው እጁን አወዛወዘ፤ ነገሩ ከብዶት ይሁን አፍሮ አላወቅኩም።

ታክሲው መጣ። ቦታው አንድ ብቻ ስለነበር እሱ ገባ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አንገቱን አውጥቶ፣

"በእኔ ቦታ አዲስ ሰው መጥቷል፤ እሱንም ጠይቂው" አለኝ።