ፀሐይዋን የተቀማችው ኤሊ

ልጅ ሳለሁ፣ ሮቤ ላይ አመሻሹን መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። መብራት ከጠፋ የጎረቤታችን የኦቦ ከድር በር ለሰፈሩ ልጆች ይከፈታል፤ ያኔ በከሰል ምድጃው ዙሪያ ተጠጋግተን፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው ተረታቸውን እንሰማለን። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ እናቴ ግን «እሳቸው ዘንድ ከሆንክስ አልሰጋም» ትለኝ ነበር።

ኦቦ ከድር ሌላው ሰው የሚሸሸውን ይወዳሉ። አጥራቸው ላይ እስስት ትሄዳለች፤ ገብስ በሚያስቀምጡበት ክፍል ሥር አይጥ የሚለቅም እባብ አለ፤ ማንም እንዲነካቸው አይፈቅዱም። «ብርዱን ከእኛ ጋር የለመዱ ጎረቤቶች ናቸው» ይላሉ። ኤሊዋ ግን የሰው አገር ሰው ነበረች። ከጊኒር ወዲያ ወደ ቆላው ለንግድ ወርደው ሲመለሱ፣ ወደዋት በጆንያ ይዘዋት መጡ። ሲያወሩልን ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ጀርባዋን በመዳፋቸው ያሻሹታል።

ክረምት ሲገባ ኤሊዋ መብላት ተወች። ጎመን ቢያቀርቡላት አንገቷን አታወጣም። ከሰል ይጨምራሉ፣ ጋቢያቸውን ያለብሷታል፤ እሷ ስትደክም የእሳቸውም ድምፅ አብሮ ደከመ።

አንድ ምሽት የምናውቀውን ተረት ጀመሩልን። ፈጣሪ ለእንስሳት አገር ሲያድል ኤሊ ከሁሉም ኋላ ደረሰች። «ምን አቆየሽ?» ቢላት፣ «ቤቴን ተሸክሜ ነው» አለች። «እንግዲያማ ቤት አለሽ፤ የቀረሽ ፀሐይ ብቻ ነው» ብሎ ቆላውን ሰጣት።

«አባባ፣ ታዲያ የእኛዋን ፀሐይዋን ማን ወሰደባት?» አልኳቸው፣ ምንም ሳላስብ።

ጋቢውን ገለጥ አድርገው ኤሊዋን አዩዋት። ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ ከጓዳ ሳቁ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስታወራው ዛሬ ገና ሰማኸው!»

«ዱጋ ነው» አሉ ኦቦ ከድር፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «የኔ ልጅ፣ አላህ በአንተ አፍ ነገረኝ።»

ጠዋት ኤሊዋን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ቆላው ሊመልሷት ሲነሱ መናኸሪያ ድረስ ተከተልኳቸው። የአውቶቡሱ ረዳት ጋቢያቸውን ገልጦ አየና «ኦቦ፣ ይቺ ከተናከሰች ጣራ ላይ ናት!» ሲል፣ «ከአንተ ምላስ የባሰች አይደለችም» ብለውት ተሳፈሩ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር። «የሞቀ ድንጋይ ላይ አኖርኳት። ቆየች፣ ቆየችና አንገቷን አወጣች። ሣር ነጨች። ዞራም አላየችኝ» አሉ፤ እየሳቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ተረት የሚያወራ፣ ምክር የሚሰጥ ሰው ግን ብዙ አይቻለሁ። የራሱን ተረት ሰምቶ በነጋታው አውቶቡስ የተሳፈረ ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ዛሬ አጥሬ ላይ እስስት ስትወጣ ልጆቼ ይጠሩኛል፤ አብረን ቆመን እናያታለን፣ ወደ ቤት ግን አናስገባትም። ማታ ስጸልይ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይህችን አልረሳም፦ «ጌታዬ፣ አፌ የሚናገረውን ጆሮዬ ይስማው።»