ልጄን ወጥ ቤት ብለው የጻፉበት የአሰላ ጉዞ

የቀበሌያችን ጸሐፊ ልጄን ወጥ ቤት ብሎ ጻፋት። ሙዚቃ ልትፈተን አሰላ የምትሄደውን ልጅ፣ የጢቾ ሰው ሁሉ አኮርዲዮን ስትጫወት የሚያውቃትን ልጅ፣ ወጥ ቤት። በተፈታኝ ቦታ የገዛ እህቱን ልጅ አስገባ። ይህን የጻፈበትን ደብዳቤ ደግሞ ፖስታውን እንኳ ሳያሽግ በእኔው እጅ ላከው። ጣውላ ሰንጣቂው በቀለ ማንበብ አይችልም ብሎ ነው።

እስከ ካቻምና ድረስ ቢሆን ልክ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ሲሰጡኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ስመልስ ኖሬያለሁ። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ግን ጎረቤቴ የሆነች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ስሳሳት በጠመኔ ግንባሬን እየነካች፣ ፊደል አስቆጠረችኝ። ጸሐፊው ይህን አልሰማም፤ ሰምቶም ከሆነ አላመነም።

የሄድንበት ጉዳይ ይህ ነው። በ1975 ክረምት አሰላ ላይ ለወጣቶች የሁለት ወር የሙዚቃ ሥልጠና ተከፈተ። ልጆቹ እዚያው እያደሩ፣ እዚያው እየበሉ ነው የሚማሩት። የጥሪ ወረቀቱ «ዘመናዊ ሙዚቃ» ይለዋል፤ ልጆቹ ግን ጃዝ ነው የሚሉት፤ አስተማሪው በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ሳክስፎን ይነፋ የነበረ ሰው ነውና። የሚገባው በፈተና ነው። ከጢቾ የሚወሰደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከልጁ ጋር ደግሞ እያንዳንዱ ከተማ የሚያዋጣው አለው፤ ሁሩታ ስንዴ፣ ኦጎልቾ ሽንኩርት፣ ጢቾ አንድ ወጥ ቤት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጢቾ

ልጄ ሸዋዬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አኮርዲዮኑ የቀበሌው የኪነት ቡድን ነው፤ የሚለጠጠውና የሚጨመቀው ሆዱ ተቀዶ ስለነበር ጎሚስታው በከመነዳሪ ቁራጭና በማስቲሽ ደፍኖልናል። ሁለት ቁልፎቹ አይጮኹም። አንድ ጊዜ ከመድረክ ወድቆ ነው፤ የሚያስጠግነው ጠፍቶ ቀረ። ሸዋዬ የተማረችው በዚህ ዕቃ ነው፤ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከሬዲዮ ትሰማለች፣ ቤት መጥታ ትፈልገዋለች።

ፈረስ ተከራየሁ። አኮርዲዮኑን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ጫንኩት። ጸሐፊው በሩ ላይ መጥቶ ደብዳቤውን ሰጠኝ።

«እንካ በቄ፣ ለአሰላዎቹ አድርስ። የይለፍ ወረቀቱም አብሮ አለ።»

«ምን ይላል?»

«ልጅቷን ተቀበሏት ይላላ። ሌላ ምን ይላል?»

ውሸት አልነበረም። ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ከተትኩት። ባለቤቴ ደግሞ ልጓሙን እየያዘችልኝ፣

«መንገድ ላይ ሰው እንዳትሳደብ» አለችኝ።

«ማንን እሳደባለሁ?»

«ያገኘኸውን።»

ተራራው ላይ

ከመንግሥት ጂፕ በቀር በክረምት ጢቾ የሚደርስ መኪና የለም፤ ስለዚህ ተራራውን በእግር አቋርጠን ሳጉሬ ላይ መኪና መያዝ ነበረብን። እስከ ወገቡ ድረስ ገብስ ነው፣ አረንጓዴ፤ ከዚያ በላይ የአስታ ቁጥቋጦና የጅብራ ተክል ብቻ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ነጠቀኝ። ሸዋዬ ከፈረሱ ጎን እየሄደች ዝናቡ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን ከራሷ ላይ አንሥታ ጆንያው ላይ ትጥላለች።

«አንቺ ትበሰብሺያለሽ» አልኳት።

«እኔ እደርቃለሁ አባባ። ማስቲሹ ነው የማይደርቀው።»

ቀትር ላይ ጭጋጉ ሳሳ ሲል ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን። ያኔ ደብዳቤውን አወጣሁ። ልጄ ፊት ማንበብ ፈልጌ ነው፤ ጉራ ነው፣ አልክድም። ፊደሉን አንድ በአንድ እየያዝኩ ሄድኩ። «ተፈታኝ» የሚለውን አገኘሁ፣ ቀጥሎ የጸሐፊው የእህት ልጅ የግርማ ስም ተጽፏል። «ወጥ ቤት» የሚለውን አገኘሁ፣ ቀጥሎ የልጄ ስም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቴም ያው ነው።

«ምን ይላል አባባ?»

«ተቀበሏት ይላል።»

«ይህን ለማንበብ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«የሰውዬው ጽሑፍ አይነበብም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል መሰለኝ።»

ተመልሼ ላንቀው ነበር። ግን የፈተናው የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነው፤ ብንመለስ አለቀ። ደብዳቤውን አጥፌ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ልጄን አላናገርኳትም፤ ፈረሱን ብቻ ነው የተቆጣሁት።

ወደ ምሽት ዝናቡ ሲበረታ ዳገቱ ሥር ካለ ቤት ተጠጋን። የቤቱ ባለቤት ሀዳ ከድር፣ የከድር እናት፣ የሚሏቸው አሮጊት ናቸው። «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ ግቡ» አሉን። ጆንያውን እንዴት አድርገን እንደምናወርደው አይተው፣

«ሕፃን ነው እንዴ?» አሉ።

ሸዋዬ አውጥታ ተጫወተችላቸው። አሮጊቷ ጆሯቸውን አዘንብለው ብዙ ጊዜ ሰሙና በኦሮምኛ ለልጃቸው አንድ ነገር ነገሩት። ልጁ ሳቀ።

«ምን አሉ?» አለች ሸዋዬ።

እኔ ነኝ የተረጎምኩላት። «ልጅቷ ደህና ናት፣ ሳጥኑን ግን አስም ይዞታል፤ ቅቤ ስጡት ነው የሚሉት።»

ጠዋት ስንወጣ ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ቋጠሩልን፤ ቅቤው በጨርቁ ዘልቆ ይታያል። ገንዘብ ሳሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ረቡዕ፣ ከሳጉሬ ወዲህ

ፈረሱን ሳጉሬ ዘመድ ቤት አስረን ድንች የጫነ መኪና ላይ ወጣን። ለሰው ሁለት ሁለት ብር፣ ለአኮርዲዮኑ ደግሞ አንድ ብር።

«ሳጥን እንደ ሰው ይከፍላል?» አልኩት ረዳቱን።

«እንደ ሰው ተቀምጦ የለ?»

አሰላ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ሚሊሺያ ወረቀታችንን ተቀበለ። ሁሉንም ጮክ ብሎ የሚያነብ ዓይነት ነው። «ወጥ ቤት፣ ሸዋዬ በቀለ» አለ። ቀጥሎ ጆንያውን በዱላው ነካ አደረገ። «ይኼስ ምንድን ነው? ድስቷ ነው?»

ድንቹ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸዋዬ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተራራው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልመለስ ትያለሽ ብዬ።»

«አልመለስም። ወጥ እየሠራሁም ቢሆን በመስኮት እሰማቸዋለሁ» አለች።

እኔ ብዙ ነገር ሰምቼ የማልደነግጥ ሰው ነኝ። ይኼን ሰምቼ ግን አሰላ እስክንወርድ ድንቹን ስቆጥር ነበር።

ሐሙስ፣ አሰላ

ሥልጠናው የሚሰጠው ለክረምት በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በር ላይ ስም የምትመዘግብ ወጣት ተቀምጣለች። ደብዳቤዬን አይታ፣

«ከጢቾ ተፈታኙ ከትናንት ወዲያ በመንግሥት ጂፕ ገብቷል። ወጥ ቤቷ በጓሮ ትግባ» አለች።

«ተፈታኟ ይቺ ናት።»

«አባት፣ እርስዎ የሚሉትን ሳይሆን የተጻፈውን ነው የምመዘግበው።»

ልሳደብ አፌን ስከፍት ግርማ ከበረንዳው ላይ አየንና እየሮጠ መጣ። ግርማ ክፉ ልጅ አይደለም። የኪነት ቡድኑ ውስጥ ከልጄ ኋላ ሆኖ ከበሮ ይመታል፤ ብቻውን ግን አንድ ደቂቃ አይዘልቅም። ተራው ደርሶ ኖሮ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ በቀለ፣ እግዜር ነው ያመጣችሁ። ሸዋዬ ከሌለች እኔ ምኑን ነው የምመታው?» አለና መዝጋቢዋን፣ «አጃቢዬ ናት» ብሎ ልጄን እጇን ይዞ አስገባት። መዝጋቢዋ አጃቢ የሚል መስመር ስላልነበራት ብዕሯን አስቀመጠች።

እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። አስተማሪው ጋሽ ክንፈ ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ዜማ ተጫወቱ። ሲጨርሱ ግርማን አመሰገነውና እንዲቀመጥ ነገረው። ልጄን ግን፣

«ድገሚው» አላት። «ግን እንደዚያው አታድርጊው። አዙሪና በሌላ መንገድ አምጪልኝ።»

አዞረች። አሁንም ሌላ አለ፤ ሌላ አመጣች። ከዚያ ከሳጥን ውስጥ አንድ ደህና አኮርዲዮን፣ ቁልፉ ሁሉ የሚያበራ፣ አውጥቶ ሰጣት። ተጫወተች። ጋሽ ክንፈ ጎንበስ ብሎ ጣቷን ያያል።

«እነዚህን ሁለቱን ለምን ትዘልያቸዋለሽ?»

«አይጮኹም።»

«የዚህኛው ይጮኻሉ።»

ሸዋዬ አንዱን ነካችው። ጮኸ። እጇን አሸሸች። የእኛው ዕቃ ላይ ያሉትን ሁለት ዲዳ ቁልፎች ስትሸሽ ኖራ፣ ዜማ በመጣላት ቁጥር በጎን ዞራ መግባት ለምዳለች። «እኔ ልጆችን እንዲህ እንዲዞሩ ለማስተማር ዓመት ይፈጅብኛል» አለ ሰውዬው። ሳክስፎኑን አንሥቶ አብሯት ነፋ።

ስለ ሙዚቃ አላውቅም። መጋዝ ግን አውቃለሁ። አንዱ ከግንዱ በላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ሲስቡ፣ መጀመሪያ ያንገራግራል። ሁለቱ ሰዎች የተግባቡ ጊዜ ድምፁ ይለወጣል፤ እንጨቱም መንገድ ይሰጣል። መስኮቱ ሥር የሰማሁት ያን ድምፅ ነው።

ጋሽ ክንፈ ወጥቶ መዝጋቢዋን፣ «ልጁ አላለፈም። ቦታው ለልጅቷ ነው» አላት።

«ጓድ ክንፈ፣ እሷ እኮ ወጥ ቤት ናት። ጢቾ ወጥ ቤት ካላቀረበ ተማሪም አያስገባም፤ የኮሚቴ ውሳኔ ነው።»

እሱ ሳክስፎኑን ያሻሻል። እኔ ጠጋ አልኩ።

«ወጥ ቤቱ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ። ልጄም በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«እርስዎ ወጥ ይችላሉ?» አለች መዝጋቢዋ።

«ጫካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግንድ ስሰነጥቅ ማን የሠራልኝ ይመስልሻል?»

«ለስንት ሰው ሠርተው ያውቃሉ?»

«ለአራት።»

«እዚህ ሃምሳ ሦስት ናቸው።»

«እንግዲያው ድስቱን አሳድጉልኝ።»

ግርማ በማግስቱ ጢቾ ተመለሰ፤ ፈረሱንም ከሳጉሬ ይዞልኝ። ሲሰናበተኝ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ኳስ ነው የምወደው» አለኝ። ለባለቤቴ የላክሁት መልእክት «ሁለታችንም ገባን» የሚል ነበር።

ሁለት ወር በማድ ቤት

እንጀራውን የከተማው ሴቶች ጋግረው ያመጣሉ፤ የቀረው የእኔ ነው። የመጀመሪያውን ጠዋት ቂንጬ ጨው አበዛሁበትና ሃምሳ ሦስት ልጅ ቧንቧው ላይ ተሰለፈ። ስሜን ጋሽ ቂንጬ አሉኝ። ተቆጣሁ። ብቆጣም አልተውትም፤ ኋላ እኔም አቤት ማለት ጀመርኩ።

ሸዋዬ የመጀመሪያ ቀን ሳህኗን ይዛ መጥታ በሹክሹክታ፣ «አባባ፣ ጨመር አድርግልኝ» አለችኝ።

«ሰልፍሽን ይዘሽ እለፊ» አልኳት። በኋላ ድስቱን ስፍቅ መጥታ አብራኝ ፈቀፈቀች። አባቷ ወጥ ቤት መሆኑን ማንም ሳይጠይቃት ለሁሉም ነግራለች። በአባቷ ታፍር ይሆን ብዬ የፈራሁት እኔው ነበርኩ፤ እሷ አፍራ አታውቅም።

ማድ ቤቱ ከትምህርቱ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድ የሁሩታ ልጅ ጥሩምባው ለሦስት ሳምንት እናቱ እንደጠፋችበት ጥጃ ነው የጮኸው፤ በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሰው ሆነ፣ እኔም ማማሰያዬን አቆምኩ። ልጄ ሁለቱን ቁልፎች መንካት የለመደችው በነሐሴ አጋማሽ ነው። ቢሆንም ስትፈልግ አሁንም ትዘላቸዋለች፤ ጋሽ ክንፈ እንዳትተወው ነግሯታል።

መመለስ

በመስከረም መጀመሪያ ዝናቡ ሲቀንስ በመጣንበት ተራራ ተመለስን። ገብሱ አሽቷል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራስ አየችኝና፣ «ወፍረሃል» አለች። ማታም ወጡን እኔ እንድሠራ ድስቱን ፊቴ አስቀመጠችው።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ቢሉኝ፣ ለሃምሳ ሦስት ሰው ቂንጬ ሁለት እፍኝ ጨው ይበቃል። ሌላው፣ ወረቀት ሳያነቡ መሸከም ዕዳ ነው። እልኸኛ ሰው ነኝ፣ በዚህ ዕድሜ አልለወጥም፤ ግን በዚያ ክረምት ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱ ይኼ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የሸዋዬ ምስክር ወረቀት በቀበሌው በኩል መጥቶ፣ የቀበሌው መዝገብ ወጥ ቤት ስለሚላት አልሰጥም ተባለ። ቢሮ ገብቼ ልጄ ተማሪ፣ እኔ ወጥ ቤት እንደነበርን የሚናገረውን፣ ማኅተም ያለበትን የጋሽ ክንፈን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ጸሐፊው አነበበና፣ «የኔን ደብዳቤ ማን አነበበልህ?» አለኝ።

«ራሴ።»

«መቼ?»

«ሳላደርሰው በፊት። ተራራው ላይ።»

መዝገቡን አወጣ። በልጄ ስም አጠገብ ያለውን ሰርዞ «ተማሪ» ብሎ ጻፈ። ብዕሩን ሊዘጋ ሲል ያዝኩት።

«ወጥ ቤቱንም ጻፈው።»

«በቄ፣ ተወው ይቅር። ወንድ ልጅ በመዝገብ ላይ ወጥ ቤት ተብሎ አይቅር። ለአንተ አስቤ ነው።»

«ጻፈው።»

ጻፈው። መዝገቡን ወደ እኔ አዙሬ አንድ በአንድ አነበብኩት። ተማሪ፣ ሸዋዬ በቀለ። ወጥ ቤት፣ አባቷ። መስከረም 12 ቀን 1976 ዓ.ም.።