ስሟ ላልቶ የተጠራ ውሻ

መምህር በድሉ የአማርኛ አስተማሪ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ፣ ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሲመጣ፣ ለራሱ የነበረው ግምት ከሻንጣው ይከብድ ነበር። ኦሮምኛ አይችልም። “ቋንቋ እኮ ሙያዬ ነው፤ በሁለት ወር እለምደዋለሁ” ብሎ ፎክሯል። ሁለቱ ወር ሲሞላ የሚያውቀው “አከም” እና “ገለቶሚ” ብቻ ነበር፤ አንዳንዴም ሰላምታውን ከምስጋናው ያምታታዋል። ደግነቱ የአገሩ ሰው እሱን ሲያይ ወደ አማርኛ ይዞርለታል። እሱም በዚሁ ሰነፈ።

ውሻም አይወድም ነበር። እናቱ ቤት ውሻ የነካው ልብስ ይታጠባል። ታዲያ እሱ በመጣ ሰሞን፣ ያከራዩት አዴ ወርቅቱ አጥር ሥር የተጣለች ቡችላ አገኙ። ፍርፋሪ ይዘው “ኮቱ፣ ኮቱ” እያሉ ሲጠሯት በመስኮት ሰማና ስሟ መሰለው። አመሻሹ ላይ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ቡችላዋ መጥታ ጫማው ላይ ተኛች። ማንም እንዳያየው ግራ ቀኙን ቃኝቶ “ኮቱ” አላት። በቃ፣ አለቀለት።

ሥጋ ቤት አጥንት የሚለምን፣ በገላ ሳሙናው ውሻ የሚያጥብ ሰው ሆነ። ለክትባት ታቅፏት እስከ አምቦ በሚኒባስ ሲሄድ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀበት፤ እሱ ግን ንፋስ እንድታገኝ መስኮት ይከፍትላት ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ድረስ ትሸኘዋለች፤ ሲወጣም እዚያው ቆማ ያገኛታል። በሕይወቱ ማንም እንደዚያ ናፍቆት አያውቅም። ደስ ይለው ነበር፣ በጣም።

አንድ የገበያ ቀን ኮቱ ከዓይኑ ተሰወረችበትና ስሟን እየጠራ ጮኸ። አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን አቁመው ወደ እሱ መጡ።

“አቤት፣ ምን ልርዳህ?” አሉት።

“እርስዎን አይደለም፤ ውሻዬን ነው” አላቸው። ሽማግሌው ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ይህንን ነገር መምህራን ማረፊያ ሲያወራ፣ የኦሮምኛው መምህር ፈይሳ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

“ኮቱ ማለት እኮ ‘ነይ’ ማለት ነው! ‘ነይ’ ብለህ ነው ስም ያወጣህላት? ደግሞ ‘ቱ’ ይጠብቃል ጃል፤ አንተ አላልተህ ነው የምትጠራት።”

ለሌላ ሰው ቢሆን ተራ ስህተት ነው። በድሉ ግን በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ “‘ገና’ ሲላላ ሌላ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው! ጆሮ የለህም?” ብሎ አንዱን ተማሪ ተቆጥቶታል።

እቤቱ ሄዶ ስህተቱን ሊያርም ሞከረ። ‘ቱ’ን አጥብቆ ጠራት። ኮቱ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ወደ አጥሩ ዞራ አየች። ደገመው፤ ንቅንቅ አላለችም። ተስፋ ቆርጦ ቢያላላው ግን ሮጣ መጥታ ፊቱን ላሰችው። የአማርኛው መምህር ተሸነፈና ነገሩን ተወው።

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። በማግስቱ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈሩ አለፈ። በድሉ ከተባለው ሁሉ የለያት ቃል “ሳሬ” የምትለዋን ብቻ ነው። አዴ ወርቅቱ እጃጂ እህታቸው ዘንድ ሄደዋል። ጎረቤት መጠየቅ ደግሞ ሙያውን የሚያዋርድ መሰለው። ስለዚህ ራሱ ተረጎመው፦ ክረምት ገባ፣ ሣራችሁን እጨዱ።

ጎሕ ሲቀድ ማጭድ ተውሶ የግቢውን ሣር ሙልጭ አድርጎ አጨደ። ኮቱ ክምሩ ላይ ስትንከባለል አይቶ ሳቀ። የፈተና ቀን ስለነበር እንዳትከተለው በሩን ዘጋባት። አጥሩ ግን ለስሙ የቆመ ነው፤ ውሻ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው።

“የመንግሥት ትእዛዝ ከእኔ በላይ ያከበረ የለም። ሣሬን አጨድኩ!” አለ፣ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደረቱን ነፍቶ።

ፈይሳ በዚህኛው አልሳቀም። “ሳሬ ማለት ውሻ ነው፣ በድሉ። ውሾቻችሁን እሰሩ ነው ያሉት። ዛሬ መርዝ ያለበት ሥጋ ይዘው እየዞሩ ነው።”

በድሉ ሮጠ። ሥጋ ቤቱ በር ላይ፣ ዘወትር ከኮቱ ጋር አጥንት የሚሻማውን ቀይ ውሻ ተዘርሮ አየው። ሥጋ የያዘ ሰው ውሻን “ነይ” ከማለት ሌላ ምን ይላል? የገዛ ውሻውን፣ ገዳይዋ በሚጠራት ቃል ሰይሟታል! “ስንፍናዬ ገደላት፣ እኔ ነኝ የገደልኳት” እያለ፣ ሰው ቆሞ እያየው፣ እያለቀሰ ሮጠ።

ከእጃጂ የተመለሱት አዴ ወርቅቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

“ባርሲሳ፣ አንተ መምህር፣ ምን ሆነሃል? ውሻህ አለች!” አሉት። “ስደርስ ሰውዬው በአጥሩ ቀዳዳ ሥጋ ይዞ ‘ኮቱ! ኮቱ!’ ይላል። እሷ ሣሩ ላይ ተጋድማ ዞራም አላየችው። ‘ይቺ ደንቆሮ ናት እንዴ?’ አለኝ። ባለቤት አላት ብዬ አባረርኩት። ዋቃዮ! በኛ አፍ የጠራናት እንደሆነ አትሰማም እኮ!”

ዛሬ በድሉ ኦሮምኛውን አቀላጥፎታል። መኪናው በመጣ ቁጥር ቀድሞ ሰምቶ፣ ገመድ ይዞ በየቤቱ እየዞረ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያሳስራል፤ በየዓመቱም ለክትባት ያስወስዳቸዋል። ሰው ሲጠራ ‘ቱ’ን እንደ ተወላጅ ያጠብቀዋል።

ያን ቀን ግን በሩ ላይ ተንበርክኮ፣ “ኮቱ” አላት፤ አላልቶ፣ እንደ ልማዱ ተሳስቶ። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ተነሳች፤ ሣሩን እያራገፈች ሮጣ መጣች።